ነጥቡ ለንግግሩ ነው ወይስ ለድፍረቱ?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፉት ሁለት ወራት ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ጉዳይ ይጠይቃሉ፤ ይኸውም በትምህርት ቤት የተማሪዎች የመናገር ክሂል እንዴት እንደሚመዘንና ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ሆነ የትምህርት ቤቶቻቸውን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አራት ምድብ አለኝ፤ በየምድቡ 62 ተማሪዎች አሉ። ከተከታታይ ምዘናው 10 ነጥብ ለመናገር ክሂል እንድንሰጥ ታዘናል። እስካሁን የማደርገው ተማሪዎቹ ርዕስ መርጠው እንዲዘጋጁና ፊት ወጥተው እንዲናገሩ ነው። ሆኖም ጊዜው ስለማይበቃኝ ግማሾቹን ብቻ ሰምቼ ለቀሩት 6ም 7ም እሞላለሁ። የሰማኋቸውም ቢሆኑ አብዛኞቹ የሸመደዱትን ነው የሚያነበንቡት። ነገሩ ኅሊናዬን ይከብደዋል። ይህን ሁሉ ተማሪ በእውነት መመዘን ይቻላል?
መምህር፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ላልሰሙት ተማሪ ነጥብ እንደሚሞሉ ሳይደብቁ መጻፍዎን አከብራለሁ። እኔም ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ የውጤት ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ፣ ባዶ የቀረውን የንግግር ዓምድ በግምት የሞላሁባቸው ጊዜያት ነበሩ። ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝ ላልሠራ ልጅ 7 መስጠቴ አይደለም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ብጠይቀው ኖሮ አሳምሮ ሊመልስልኝ ይችል ለነበረው ልጅ ያንኑ 7 ሰጥቼ ማለፌ ነው። ያልተሰማ ተማሪ አልተመዘነም። ስለዚህ ከጊዜው ጉዳይ ልነሣ፤ የቀረው ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

62 ተማሪዎችን አንድ በአንድ፣ ለሦስት ሦስት ደቂቃ ቢሰሙ 186 ደቂቃ ይፈጃል። ይህ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲካፈል አምስት ክፍለ ጊዜ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ስም መጥራቱ፣ ወጥቶ መመለሱና ማጨብጨቡ ሲታከልበት ደግሞ ከስድስትም ያልፋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዱ ሲናገር 61ዱ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። አሁን ሁለት ሁለት አድርገው ያስቧቸው። 31 ጥንድ ይሆናሉ። ለአንዱ ጥንድ አራት ደቂቃ ቢሰጡ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጥንድ ለመስማት ስምንት ደቂቃ፣ ነጥቡን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃዎታል፤ የቀረው 30 ደቂቃ የተለመደው ትምህርት ነው። በ16 ክፍለ ጊዜ ምድቡ ያልቃል። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ካለዎት ሥራው ከሦስት ሳምንት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በአንድ መንፈቅ ዓመት ውስጥ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለመስማት ይደርሳሉ። ሁለቱ ተማሪዎች ከእርስዎ ጠረጴዛ አጠገብ ሲነጋገሩ ሌሎቹ የጽሑፍ ወይም የንባብ ሥራ ይሠራሉ። ጥቂት ጫጫታ ይኖራል፤ ፍጹም ጸጥታ ግን ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ይህ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት መሪጌታው፣ ዙሪያውን ልጆች እየጮኹ ሲያጠኑ፣ አንዱን ከፊቱ አስቀምጦ ጆሮውን ለእርሱ ብቻ ይሰጣል፤ ሲሳሳት ያርመዋል፣ ሲያጠራ ያሳልፈዋል። እዚሁ በሐረርና በድሬዳዋ የቁርኣን ቤቶችም ልጁ ሎሁን፣ ማለት የእንጨት ሰሌዳውን፣ ይዞ ይቀርብና ለመምህሩ ብቻውን ያሰማል፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን ያነብባሉ። ሁለቱም ቤቶች ይህን ያህል ዘመን ልጆችን በቃል ሲመዝኑ የኖሩት አንዱን እየሰሙ ሌሎቹን በሥራ በማስጠመድ ነው። ከእርስዎ ክፍል የሚለያቸው አንድ ዋና ነገር አለ። እነርሱ የሚሰሙት የተጠናውን ቃል ነው፤ ቃሉን ሳያዛንፉ መያዝም የትምህርታቸው ዓላማ ነው። የእርስዎ ተማሪ ግን የሚጠበቅበት ያላሰበው ጥያቄ ሲመጣበት በራሱ ቃል መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ችግርዎ ይመጣል። ርዕስ ሰጥተን «ተዘጋጅታችሁ ኑ» ስንላቸው ልጆቹ መሸምደዳቸው ስንፍና አይደለም፤ የታዘዙትን ነው የፈጸሙት። በአንድ ወቅት ስለ ቅርብ ጓደኛ የተጻፈች አንዲት አንቀጽ በሦስት ተማሪዎች አፍ፣ ከነስሕተቷ፣ ስትደገም ሰምቻለሁ፤ ሦስቱም ጎበዝ አጥኚዎች ነበሩ። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ግን የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር የሚወስነው የሌላው መልስ ስለሆነ አስቀድሞ ሊጠና አይችልም። ስለዚህ ሥራውን፣ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንዳያውቀው አድርገው ያዘጋጁት። ለምሳሌ ሁለቱም ተማሪዎች ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ አሻግሮ እስከ ቀፊራ ገበያ የሚዘልቅ አንድ ዓይነት የሰፈር ንድፍ ይያዙ፤ የአክስት ቤት ምልክት የተደረገበት ግን በአንደኛው ንድፍ ላይ ብቻ ይሁን። ቤቱን የማታውቀዋ በእንግሊዝኛ እየጠየቀች፣ ሁለተኛው እየመለሰ፣ እርሷ በራሷ ንድፍ ላይ ምልክቱን ታስቀምጥ። መንገዱን ሁሉም የድሬ ልጅ ያውቀዋልና መንገዱን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ የሚደበቀው ቤቱ ነው። ሲጨርሱ ሁለቱ ወረቀቶች ይተያያሉ፤ ምልክቶቹ ከገጠሙ ንግግሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ደርሷል ማለት ነው። ለየጥንዱ ቤቱን እየለዋወጡ አምስት ስድስት ዓይነት ንድፍ ቢያዘጋጁ፣ ከአንደኛው ምድብ ወደ ሌላው የሚሾልክ ወሬ ማንንም አይጠቅምም።

ነጥብ አሰጣጡን በተመለከተ፣ ዓለም አቀፍ ፈተናዎችን እንዳሉ ለመገልበጥ አይቸኩሉ። አይኤልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና አንድን ሰው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ያነጋግርና ቅልጥፍናንና የሐሳብ ትስስርን፣ የቃላት ሀብትን፣ ሰዋስውንና የድምፅ አወጣጥን በአራት እኩል መስፈርቶች ይመዝናል። ያን የሚሠራው ለዚሁ ተብሎ የሠለጠነ ፈታኝ ሲሆን ከፊቱ ያለውም አንድ ተፈታኝ ብቻ ነው። በአራት ደቂቃ ሁለት ልጆችን ለሚሰማ መምህር ሦስት መስፈርት ይበቃል ባይ ነኝ። ለመልእክቱ መድረስ 4፣ ለመቀባበሉ 3፣ ለቃላቱና ለሰዋስው 3 ነጥብ ይስጡ። የድምፅ አወጣጥን ለብቻው አይመዝኑት፤ ልጁ የተናገረው ለጓደኛው ካልደረሰ ከመጀመሪያው መስፈርት ይቀነስበታልና።

መቀባበል ያልኩትን ላብራራ፤ በትምህርት ቤቶቻችን ፈጽሞ የተረሳው እርሱ ነውና። ሙሉውን 3 የሚያገኘው የሌላውን ንግግር ሰምቶ ለዚያው የሚመልስና ሳይገባው ሲቀር በእንግሊዝኛ እንዲደገምለት የሚጠይቅ ተማሪ ነው። የሚመልስ፣ ነገር ግን ሳይገባው ሲቀር ዝም የሚል 2 ያገኛል። በ«አዎ» እና በ«አይደለም» ብቻ የሚያልፍ 1 ይሰጠዋል። «እባክህ ድገምልኝ» ማለት እንደ ድክመት ተቆጥሮ ነጥብ ሲያስቀንስ አይቻለሁ፤ በኑሮ ግን ይህን የሚያህል ጠቃሚ የንግግር ብልሃት የለም። ይህን መስፈርት ከምዘናው ሁለት ሳምንት አስቀድመው በሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ከተማሪዎቹ ጋር ተለማምደውት መሆን አለበት። ያላስተማርነውን መጠየቅ አይገባንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ቁመና፣ ብልህነት፣ አመራርና ጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ሲጠየቁ፣ ለአንዱ ከፍ ያለ ነጥብ የሰጡትን ሰው በሁሉም ከፍ እንደሚያደርጉት አሳይቷል። በእኛም ዘንድ ደብተሩ ንጹሕ የሆነ፣ በጽሑፍ ፈተና 90 ያመጣ ተማሪ አፉን ሳይከፍት 8 ተቆርጦለት ይጠብቀዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ነጥቡን ልጆቹ እንደተቀመጡ ወዲያው ይጻፉ፣ የቀድሞውን ውጤት የያዘውን መዝገብም በዚያ ሰዓት አጥፈው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትንተባተባለች። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ፊት ወጥታ ስለ ጀጎል ግንብ እንድትናገር ተጠራች። ቤት ውስጥ ስለ አምስቱ በሮች ስታወራ የሚያቆማት የለም፤ በክፍል ግን የመጀመሪያው ቃል አልወጣ አላት። ልጆቹ ሳቁባት። መምህሩ «በቃ ተቀመጪ» አላትና ከ10 2 ሰጣት። ከዚያ ወዲህ አማርኛ ባለበት ቀን አሞኛል ትላለች። ከንግግር ነጥብ ነፃ እንዲያደርጓት ልጠይቅ?
እናት፣ ሐረር

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ልጅዎ የደረሰባት ነገር አሳዝኖኛል፤ መልሴም ግልጽ ነው። ነፃ እንድትሆን አይጠይቁ፤ የምትሰማበት ሁኔታ እንዲለወጥላት ይጠይቁ። ነፃ መውጣቱ ዛሬ ያሳርፋታል፤ ነገር ግን «የአንቺ ንግግር አይቆጠርም» የሚል መልእክት ስላለው ነገ ይጎዳታል።

መንተባተብ የእውቀት ማነስ አይደለም፤ ከፍርሃትም የሚወለድ አይደለም፣ ምንም እንኳ ፍርሃትና ጥድፊያ ቢያባብሱት። አንጎል ንግግርን ከሚያቀናብርበት መንገድ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ጊዜም በቤተሰብ የሚወርድ ነገር ነው። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ይንተባተባል። በሕፃንነታቸው ከሚጀምራቸው ልጆች አብዛኞቹ እያደጉ ይተዋቸዋል፤ እስከ ልጅዎ ዕድሜ የቆየባቸው ግን አብሯቸው ሊኖር ስለሚችል፣ «ሲያልፍ ያልፋል» ብሎ መጠበቅ አይበጅም። ሲዘፍኑ ወይም ከሌላ ሰው ጋር አብረው ሲያነቡ ብዙዎቹ ጨርሶ አይንተባተቡም። ይህን ለመምህሩ ይንገሩት፤ ቃሉ በውስጧ እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ ነውና።

እንግዲህ የሚጠይቁት ይህን ነው። በመጀመሪያ በክፍሉ ፊት ሳይሆን በመምህሩና እርሷ በመረጠቻት አንዲት ጓደኛዋ ፊት ትናገር። ሁለተኛ፣ ሰዓት አይያዝባት፤ ሌላው በሦስት ደቂቃ የጨረሰውን እርሷ በስምንት ብትጨርሰው ነጥብ አይቀነስባት። ሦስተኛ፣ ቃል ሲያዝባት ማንም አይጨርስላት፤ «ቀስ በይ፣ ተረጋጊ» ማለትም በቅንነት የሚነገር ቢሆንም ችግሩን ስለሚያስታውሳት ይቅር። መምህሩ ዝም ብሎ፣ ፊቱን ሳያጨፈግግ ይጠብቃት። ስለ በሮቹ የምታውቀውን፣ በምን ቅደም ተከተል እንዳቀረበችውና ስትጠየቅ እንዴት እንደመለሰች ይመዝን። ይህ አድልዎ አይደለም፤ ታላላቅ ዓለም አቀፍ የቋንቋ ፈተናዎችም ለእንዲህ ያለ ተፈታኝ ተጨማሪ ጊዜና የተለየ ሁኔታ ያመቻቻሉ። ያ የተሰጠ 2 ነጥብ እንዲታረም መጠየቅም ይገባዎታል፤ ያለው የተመዘነ ንግግር ሳይሆን ያልተሰማ ንግግር ነውና።

የልጅዎ ታሪክ ለማይንተባተቡትም ብዙ የሚለው አለ። በየትምህርት ቤቱ በሚዞሩት የነጥብ መስጫ ወረቀቶች ላይ «ድፍረት»፣ «በራስ መተማመን»፣ «አድማጭን ዐይን ለዐይን ማየት» የሚሉ መስፈርቶች አሉ፤ አንዳንዴ ሦስቱ ተደምረው ከ10ሩ ነጥብ 4ቱን ይወስዳሉ። ይህን ወረቀት በጥንቃቄ የሚያስብ መምህር ሊቃወመው ይገባል። ብዙ ቤተሰብ ልጁን፣ ይልቁንም ሴት ልጁን፣ ታላቅ ሰው ፊት ዐይኗን ሰበር አድርጋ እንድትናገር አድርጎ ያሳድጋል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ያንኑ ጨዋነት እንደ ጉድለት ቆጥሮ ነጥብ ይቀንስባታል። ልጅቷ ቤቷ ያስተማራትን ብትተው በአንዱ ትቀጣለች፣ ብትጠብቀው በሌላው ትቀጣለች። በዚህም ላይ ድፍረት ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ጠባይ ነው። በትምህርት ቤት ልናስተምረው የምንችለው ሐሳብን በቅደም ተከተል ማቅረብ፣ አድማጭ ያልገባውን በሌላ ቃል መድገም፣ ጥያቄን ሰምቶ ለዚያው መመለስ ነው። ነጥቡም ለእነዚህ መሆን አለበት። ድፍረቱ ከልምምድ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ባይመጣም ዝግ ባለ ድምፅ ትክክለኛ ነገር የሚናገር ሰው ተናጋሪ ነው።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤታችን የምንነጋገረው በሶማልኛ ነው፣ በሰፈር አማርኛም ኦሮምኛም እንናገራለን። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የቃለ መጠይቅ ልምምድ ስናደርግ፣ ከንቲባ ሆኖ የተቀመጠውን ልጅ «አንተ ስለ ጎርፉ ምን ታስባለህ?» ብዬ ስለጠየቅኩት 3 ነጥብ ተቀነሰብኝ። «ፖሊስ» ለማለት «ቦሊስ» ብለሻል ተብዬም ሌላ 1 ነጥብ ተቀነሰብኝ። መምህራችን ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፤ «የድሬ አማርኛ ለፈተና አይሆንም» አለን። ልክ ነው?
ተማሪ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ ተማሪ፣ ሁለቱ ቅናሾች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ለየብቻ ልመልስልሽ።

በከተማሽ ልጅ አባቱን፣ ደንበኛም ባለሱቁን «አንተ» ማለቱ የንቀት ሳይሆን የቅርበት ምልክት እንደሆነ ድሬን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በቤትና በሰፈር ማንም ሊያርምሽ አይገባም። ነገር ግን ሥራው ከከንቲባ ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ከነበረ፣ አድማጩ በመላ አገሪቱ አማርኛ የሚሰማ ሰው ነው ማለት ነው፤ እርሱም በዚያ ቦታ «እርስዎ» ሲባል ይጠብቃል። ለቦታውና ለሰውየው የሚስማማውን አነጋገር መምረጥ ከመናገር ክሂል ዋና ክፍሎች አንዱ ስለሆነ መምህርሽ መመዘኑ ትክክል ነው። ስሕተቱ ያለው በሁለት ነገር ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ ከልምምዱ በፊት «ይህ ቃለ መጠይቅ በአንቱታ ነው የሚካሄደው፤ ነጥብም አለው» ብሎ ያላስተማረና ያልነገረ ከሆነ፣ የተማርሽውን ሳይሆን ያደግሽበትን ከተማ ነው የመዘነው። ሁለተኛው፣ በአንድ ነገር ምክንያት ከ10 3 መቀነስ እጅግ ይበዛል፤ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነበረ፤ የደቻቱ ጎርፍ ያላሰጋው የድሬ ነዋሪ የለምና። አንቺ ሁለቱንም አነጋገር ብትይዢ፣ አንደኛውን ብቻ ከሚያውቅ ሰው ትበልጫለሽ። መምህርሽም የሰፈርሽን አማርኛ «ለፈተና አይሆንም» ከማለት «ይህ ለሰፈር፣ ያ ለመድረክ» ብሎ ቢለይላችሁ ይሻል ነበር።

«ቦሊስ» ግን ምንም ሊያስቀንስብሽ አይገባም ነበር። ሶማልኛ የ«ፐ» ድምፅ የለውም፤ አማርኛም ቢሆን ይህን ድምፅ የሚጠቀምበት ፖስታና ፖሊስን በመሳሰሉ ከውጭ በገቡ ቃላት ነው። አማርኛ አፋቸውን ከፈቱ አዛውንቶች አንደበትም «ቦሊስ» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። መጠየቅ ያለበት አድማጩ ምን ተረዳ የሚለው ነው። «ከበረ» ለማለት «ቀበረ» ያለ ሰው ትርጉሙን ስለለወጠ ይታረማል፤ «ቦሊስ» ሲባል ግን ፖሊስ መሆኑን ያልተረዳ ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም። በአውሮፓ ምክር ቤት የተዘጋጀውና በብዙ አገሮች የቋንቋ ትምህርት የሚመራበት የደረጃ ማዕቀፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የድምፅ አወጣጥን የሚለካው ከሞላ ጎደል ወደ አፍ መፍቻ ተናጋሪው በመቅረብ ነበር፤ ይህ መለኪያ ኋላ እንደገና ተጽፎ በ2020 እ.ኤ.አ. እትም ዋናው ጥያቄ «ንግግሩ ያለ ችግር ይገባል ወይ?» የሚል ሆኗል። በሦስትና በአራት ቋንቋ ለምታድጉት ለድሬና ለሐረር ልጆች ከዚህ ሌላ ፍትሐዊ መለኪያ አላገኘሁም። ይህን ለመምህርሽ በትሕትና ብታነጋግሪው፣ በዚያውም በ«እርስዎ» ብትጀምሪለት፣ የሚሰማሽ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የቋንቋ ዲፓርትመንት ኃላፊ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የመናገር ክፍል ስለሌለው መምህራኑ «ለማይፈተን ነገር ለምን እንደክማለን?» ይሉኛል። ምን ልመልስላቸው? ነጥባቸው እንዳይራራቅስ ምን ላድርግ?
ኃላፊ፣ ሐረር

መልስ፦ ውድ ኃላፊ፣ የመምህራንዎ ክርክር ከእውነት የራቀ አይደለም። ብሔራዊው ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ በመሆኑ ማንበብን እንጂ መናገርን ሊለካ አይችልም፤ ያልተፈተነም ነገር ከክፍል እየተገፋ ይወጣል። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ተማሪዎች በ16 ዓመታቸው በሚወስዱት የእንግሊዝኛ ፈተና ውስጥ የመናገርና የማዳመጥ ነጥብ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዋናው ውጤት ወጥቶ ለብቻው እንዲገለጽ ተደርጓል። ምክንያቱ መምህራን የሚሰጡት ነጥብ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ወጥ ሊሆን አለመቻሉ ነበር። ችግሩን ነጥቡን በማስወጣት መፍታታቸው ትክክል ነበር ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ወጥነት የሌለው ነጥብ መጨረሻው ምን እንደሆነ ያሳያል።

በሌላ በኩል በብዛት መመዘን እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ከራስዎ ክልል አለ። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ሐረሪን ጨምሮ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች፣ እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ መዛኝ ፊት ተቀምጦ፣ በቃሉ ተመዝኗል። ልጁ ድምፁን እያሰማ ያነብባል፣ ታሪክ ተነብቦለት ለጥያቄ ይመልሳል። ያ ሊሠራ የቻለው መዛኞቹ አስቀድመው አንድ ዓይነት መስማትን ስለተለማመዱ ነው፤ የእርስዎም ሁለተኛ ጥያቄ መልስ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ለመምህራንዎ ግን በመጀመሪያ ይህን ይንገሯቸው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ያልገባውን በእንግሊዝኛ መጠየቅ የማይችል ልጅ በእነዚያ ሁሉ ክፍሎች ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ዝምታውም በ12ኛው ክፍል ፈተና ውጤት ላይ ይታያል። ስለዚህ መናገር ለማይፈተን ነገር መድከም አይደለም።

ወጥነቱን በተመለከተ፣ ከመንፈቅ ዓመቱ ሦስተኛ ሳምንት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዎታል። ከየደረጃው የስድስት ጥንዶችን ንግግር፣ ተማሪዎቹንና ወላጆቻቸውን አስፈቅደው፣ በእጅ ስልክ ይቅረጹ፤ ቅጂውን ከዲፓርትመንቱ አያስወጡት፣ ዓመቱ ሲያልቅም ያጥፉት። የባጃጅና የማራገቢያ ድምፅ ቀረጻውን ስለሚያበላሸው ስልኩ ከተናጋሪዎቹ ከአንድ ክንድ እንዳይርቅ። መምህራኑ በአንድነት ይስሙ፣ ነጥባቸውን ግን ሳይነጋገሩ በየግላቸው ይጻፉ። ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ልዩነቱ ከ1 ነጥብ በላይ በሆነባቸው ቅጂዎች ላይ ብቻ ይወያዩ። ከፍ ያለ ነጥብ የሰጠውም ዝቅ ያለ የሰጠውም የሰማውን ቃል ጠቅሶ ያስረዳ፤ «እንዲሁ ተሰማኝ» የሚለውን አይቀበሉ። በመጨረሻ የተስማሙባቸውን ሦስት ቅጂዎች፣ አንዱን እንደ 4፣ አንዱን እንደ 6፣ አንዱን እንደ 9 ምሳሌ አድርገው ያስቀምጡ፤ በመንፈቅ ዓመቱ መካከል አዲስ መምህር ሲመጣም ክፍል ከመግባቱ በፊት እነርሱን ይስማ።